«ጆሮህን ይዘህ ና» ይሉን የነበሩት ወይዘሮ ሐዋ

ባለፈው ሰኞ ረፋድ ላይ በስልክ ቤቱ በር የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ ተመታ። ጠዋት ጠዋት የምከፍትላት የስልክ ቤቱ ሠራተኛ ኢንቲሳር «አባ ሰይድ፣ ጆሮህን ይዘህ ና!» ብላ ተጣራች። ሄድኩ። መነጋገሪያውን ሰጠችኝ። ከአሶሳ ሆስፒታል የወይዘሮ ሐዋ የበኩር ልጅ ነበር። «እናታችን ሞተ» አለኝ። እናት ወንድ ሆና አታውቅምና በዚህኛው አልተሳሳትኩም።

ወይዘሮ ሐዋን የምታውቁ ሁሉ ይህን አንብቡት፤ ማንበብ የማይችል ይነበብለት። እኔ ፊደልን በመሠረተ ትምህርት ያየሁ፣ ከወሎ በሰፈራ መጥቼ በሆሞሻ መንገድ ያረጀሁ ገበሬ ነኝ። ማሳመር አልችልበትም፤ እንደሆነው እጽፋለሁ።

የስልክ ሰዎች ለሁለቱ መንደር የጋራ ስልክ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሶላር ሊተክሉ የመጡ ጊዜ ጠብ ተነሳ። እኛ ሰፋሪዎቹ «እኛ ጋ ይሁን» አልን፤ የአገሩ ተወላጆች በርታዎቹም «እኛ ጋ» አሉ። ሰዎቹ ዕቃቸውን መልሰው መጫን ሲጀምሩ ወይዘሮ ሐዋ ከበርታ ሴቶቹ መሀል ብድግ አሉ። «በእኔ ማንጎ ሥር ትከሉት። ይህ ዛፍ የማን ወገን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም» አሉ። ማንጎው በሁለቱ መንደር መሀል ነበር። እኛ እንጨት አመጣን፣ እነሱ ቀርከሃ አመጡ፣ ቤቱ ቆመ።

ከዚያ ወዲያ ስልክ ቤቱን የያዙት እሳቸው ናቸው። ጠዋት ጠዋት የሶላሩን አቧራ በሻሻቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር። ከሸርቆሌ ካምፕ ዘመዱን ሊያፈላልግ የመጣ ስደተኛ፣ ዘመዱ መስመር ላይ እስኪገኝለት ድረስ ከቤታቸው ገንፎ ይበላል። አማርኛቸው ግን ወንድና ሴት አይለይም ነበር፤ ላሚቱም «መጣ»፣ ሙሽራይቱም «መጣ» ነበረች። የእኛ ጎረምሶች «ሐዋ ዘንድ ሴት የለም» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸውም «እናንተስ እዚህ አርጅታችሁ በእኛ ቋንቋ ውሃ መለመን ታውቃላችሁ?» ይሉ ነበር። አናውቅም። እውነታቸውን ነው።

አንድ ቀን ማሳዬ ድረስ መጡ። «ያ ሰይድ፣ ስልክ መጣ፣ መስመሩ ተቆረጠ። ልጅህ ታመመ፣ ሐኪም ቤት ገባ» አሉኝ። ወንድ ልጄ ጉባ ግድቡ ላይ በያጅ ነበር። ሴቷ ልጄ ዘይነባ አሶሳ አግብታ ነበር። «ታመመ» ከተባልኩ ወንዱ ነው ብዬ ወደ ጉባ በሚሄድ ጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ። ስደርስ ልጄ ቆቡን እንዳጠለቀ፣ ጥላሸቱን ከፊቱ እየጠረገ «አባባ፣ ምን ሆነህ መጣህ?» አለኝ።

የታመመችው ዘይነባ ነበረች፤ ምጥ ላይ። ጉባ ወዲያ፣ አሶሳ ወዲህ። አሶሳ የደረስኩት አፈር ከለበሰች በኋላ ነው።

ወይዘሮ ሐዋ ለቅሶ መጡ። ቀና ብዬ አላየኋቸውም። በሰው ፊት ቆመው «የእኔ አማርኛ ነው ያንተን መንገድ ያጠፋው። ወላሂ፣ ከዛሬ ወዲያ የሰው ክፉ ነገር በአፌ አያልፍም» አሉ። በሳምንቱ ቸርኬውን አሰቀሉ። ከዚያ በኋላ ሞትም ይሁን በሽታ፣ ሠርግም ቢሆን፣ ነገሩን አይናገሩም፤ ቸርኬውን ይመቱና «ጆሮህን ይዘህ ና» ነው የሚሉት። ባለቤቱ መጥቶ ከተናጋሪው ድምፅ ይሰማል። «ወሬ አላደርስም፣ ድምፅ ነው የማደርሰው» ይሉ ነበር።

በዚያ በክፉው ጊዜ መንገዱ ሁሉ ሲፈራ፣ አንድ ሰው እየሮጠ መጥቶ «ይመርን ሸርቆሌ መንገድ ላይ በርታዎች ገደሉት» አለ። ይመር የእኛ መንደር ነጋዴ ነው። ልጆቻችን ቆንጨራ ያዙ። እኔም መጥረቢያዬን ይዤ ወጣሁ። ቸርኬው ይጮኻል፣ አያቆምም። ማንጎው ሥር ስንደርስ ወይዘሮ ሐዋ ብቻቸውን በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጆሮአችሁን ይዛችሁ መጣችሁ ወይስ እጃችሁን ብቻ?»

ደወሉ። ይመር አያነሳም። ደግመው ደወሉ። ከኋላችን «ሙት ስልክ ያነሳል እንዴ!» የሚል ነበር። በመጨረሻ ተነሳ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሃሎ! ጎማ ፈንድቶብኝ እያስለጠፍኩ ነው፣ ምን ፈለጋችሁ?»

«እሱ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አልኩ እኔ።

«ማን ነው እሱ? ሰይድ ነህ? አንተ ግትር ሽማግሌ፣ በሬህን ከማሽላዬ አውጣ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ራሱ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ አልነበረም። በዚያ ቀን ሊፈስ የነበረውን ደም እኔ አውቀዋለሁ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ቀበሌው «ሁሉም ሞባይል ይዟል፣ ቤቱ የማዳበሪያ መጋዘን ይሁን» ይላል። ሞባይሉማ አለ። አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል፤ ሲሠራም የሚያመጣው ወሬ ነው። በቀብራቸው ዕለት ማታ እንኳ እገሌ ተገደለ የሚል ወሬ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር፤ ሐሰት ሆኖ አለፈ። ቸርኬውን ግን የመታ የለም። የሚያስፈራኝ ይህ ነው።

የወይዘሮ ሐዋን ቀብር ደረስኩ። የልጄን አልደረስኩም ነበር። አፈሩ ሳይመለስ ልጃቸው «እናታችን ላይ ሐቅ ያለው ሰው አፉ ይበለው፣ ይቅር ይበለው» ሲል ሰው ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። እኔ ዝም አልኩ። ዘወር ብለው አዩኝ። አሁንም ያሙኛል፤ ይሙኝ።

ወይዘሮ ሐዋ፣ ሆስፒታል ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። «አንተ ግትር ነህ፣ ማንም አይወስድብህም» አሉኝ። እኔ በሕይወትዎ አፉ ብዬዎት አላውቅም፤ እርስዎም ጠይቀውኝ አያውቁም። መቃብሩ ላይ ዝም ያልኩት ቂም ይዤ አይደለም። ክፉም ደግም በሰው አፍ አይለፍ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ ይህን በልጅዎ አፍ ልልክብዎት አልፈለግሁም። ዛሬ ጠዋት ስልክ ቤቱን ከፍቼ ቸርኬውን መታሁ። ሰዎች እየሮጡ መጡ፤ «ማን ተጠራ?» አሉ። እርስዎን ነበር የጠራሁት። ጆሮዎን ይዘው ይምጡ፣ ወይዘሮ ሐዋ፤ ከራሴ አፍ ይስሙት። አፉ ብዬዎታለሁ። የዘይነባንም አፉ ብዬዎታለሁ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እኔ ስሞት ለማን እንደምሰጠው ግን አልነገሩኝም።