ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

አባቴ ኦቦ ቱፋ የሰው መኪና አላበላሸም። በሐሰት ተባረረ፤ ይህ እንዲታወቅልኝ ነው የምጽፈው።

ልጅ እያለሁ አባቴ ሰበታ ላይ የአንድ ባለ ርስት ሹፌር ነበር። ጌታው በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿን ራሷ የምትቀይር መኪና አመጡ። አባቴ በልማድ ግራ እግሩ ባዶ ወለል ሲረግጥ ጎረቤት ይስቅበታል። "ኦቦ ቱፋ፣ ሥራ የፈታችውን እግርህን ለእርሻ አከራያት!" እኛም ሹፌር ሹፌር ስንጫወት ግራ እግራችንን አጥፈን በአንድ እግር እንዘል ነበር። የቆዳ ወንበሯ ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

አንድ ክረምት ጌታውና አባቴ ከተጂ ከተማ ሲመለሱ መኪናዋን ጭቃ ያዛትና ሞተሯ ጠፋ። በሬ ጠምደው አወጧት፤ አልነሳ አለች። ያኔ የቆመ መኪና ሁሉ ከጭነት መኪና ኋላ ታስሮ ይጎተታል፤ ሌላ ዘዴ የሚያውቅ አልነበረም። ጌታው "እሰሯት!" አሉ። ሰበታ ስትደርስ የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች። ሞተሯን ቢያስነሱትም ንቅንቅ አልል አለች።

"ያ ግራ እግሩ ነው የሰበራት" ብለው ጌታው አባቴን አባረሩት። ከዚያ ወዲያ መሪ ያስጨበጠው የለም፤ የሰው ማሳ ሲያርስ ሞተ። እናቴ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" ትለኝ ነበር። እኔን ማደሩ ሰለቸኝ።

ዛሬ በደጄ የሚያልፈው መኪና ብዙው አውቶማቲክ ነው፤ በሹፌሩ እግር የሚስቅም የለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ጊዜ፣ መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ። "መሬታችን አይወሰድም" ብለው የልጅ ልጆቼ ወጥተዋል፤ እኔ ከበር ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በር እላለሁ። ከቆሙት መኪኖች አንዲት አሮጊት ወርዳ ወደ አጥሬ ተጠጋች። አወቅኳት፤ የጌታው ልጅ እልፍነሽ ናት። አስገብቼ ውሃ ሰጠኋት። በልጅነታችን "እሜቴ" እላት ነበር። ያን ቀን ግን አንቺ አልኳት።

"እስቲ ንገሪኝ፣ አባቴ ምን አበላሸ?"

"ምንም።" ብርጭቆውን አስቀመጠች። "እንዲህ ያለች መኪና ሞተሯ ጠፍቶ ስትጎተት ለማርሿ ዘይት አይደርሰውም፤ መጎተቷ ነው ያቃጠላት። ጋራዡ ለአባቴ ሲነግረው ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አለ?"

"እሰሯት ያለው እሱ ነበራ፣ ጫልቱ! ለሹፌሩ 'አጠፋሁ' ከሚል፣ አባትሽ ቢራብ ቀለለው።"