የማርሚታው ምድጃ

ማታ ከሥራ ተመልሼ ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪናዬን አቁሜ ሞተሩን ሳጠፋ፣ የጋለው ብረት እየቀዘቀዘ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ይጀምራል። ሌላው ሰው ይህን ድምፅ ልብ የሚለው አይመስለኝም፤ እኔ ግን ቦርሳዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ትንሽ ሳላዳምጠው አልወርድም። ልጅ ሳለሁ አባባ በእጁ የሠራው የእንጨት ምድጃ፣ ራት ተበልቶ እሳቱ ሲዳፈን፣ ልክ እንዲህ እያለ ይቀዘቅዝ ነበር።

ያኔ ቤታችን ጌጃ ሰፈር፣ አራት አባወራ በአንድ በር የሚገባበት ግቢ ውስጥ ያለ የቀበሌ ቤት ነበር። አባቴ ገመቹ መካኒክ ነው፤ እናቴን ጫልቱን አግብቶ ከአምቦ ካመጣት ጀምሮ ከዚያ ግቢ ወጥተው አያውቁም። ማድ ቤታችን ከጎረቤታችን ከእማማ ዘነበች ቤት ጋር አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራ ነበር። እማማ ዘነበች በእሳቸው በኩል ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ጋዜጣ ለጥፈውበት፣ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ አዲስ እየደረቡበት፣ «የኔ ቤት ከነወሬው ነው» ይሉ ነበር።

ክረምትን አልወደውም ነበር። እማዬ አስም ነበረባት። በአህያ ተጭኖ የሚመጣልን የባሕር ዛፍ ፍልጥ ዝናብ ጠጥቶ ስለሚደርስ፣ ጉልቻው መሀል ገብቶ አልነድም እያለ ሲጨስ ይውል ነበር፤ እማዬም ወጡን አማስላ፣ ትንፋሽ ሲያጥራት ወጥታ የበሩን መቃን ይዛ ቆማ፣ ሲመለስላት ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ተመልሳ ትገባ ነበር። የላምባ ምድጃ ተሞክሮ ሽታው ብሶባት ነበር፤ ከሰሉ ደግሞ ራሷን ያዞራት ነበር። ማታ እንቅልፍ የሚወስደኝ ሳሏን እየሰማሁ ነበር፤ ለአፍታ ጸጥ ካለች ደግሞ ደንግጬ እነቃ ነበር።

አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሐኪሙ «ከእንግዲህ ጭስ እንዳትቀርቢ» ካላት በኋላ፣ ታላቅ እህቷ አክስቴ ብርቄ ከአምቦ መጣች። አክስቴ ብርቄ የምታስበውን ከመናገር ወደኋላ የምትል ሴት አልነበረችም።

«እህቴን ቀብራችሁ ልትጠሩኝ ነው?» አለችው አባባን። «ይዣት እሄዳለሁ። እዚያ ልጆቼ አብስለው ያበሏታል፣ እሷ ማድ ቤት አትረግጥም።»

«እትዬ ብርቄ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ» አለ አባባ። «ለኅዳር ሚካኤል ይምጡ። ያኔም እንዲሁ ካገኟት፣ እኔው ራሴ አሳፍራችኋለሁ።»

እኔ አልጋው ጥግ ተቀምጬ ሁሉንም ሰምቻለሁ። እማዬ ተሽሏት እንድትኖር እፈልግ ነበር፤ ግን እናት የሌለችበትን ቤት ማሰብ አቃተኝ። ትምህርት ቤቱ፣ ጓደኞቼ፣ አባባ ራሱ፣ ሁሉም ከእሷ ጋር አምቦ የሚሄድ መሰለኝ።

አባባ ጳጉሜን ሙሉ ከጋራዥ ሲመለስ ብረት ተሸክሞ ነበር የሚገባው። የበርሜል ግማሽ ቆርጦ፣ ከላይ ድስት የሚቀመጥበት ወፍራም ላሜራ በይዶበት፣ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የፈታውን የጭስ ማውጫ፣ የማርሚታ ቱቦ፣ በግድግዳው ጥግ አቁሞ በቆርቆሮው ጣሪያ አሻግሮ አወጣው። መጀመሪያ የተለኮሰ ቀን ዝናቡ እያካፋ ነበር፤ ጭሱ ከጣሪያው በላይ ሲትጎለጎል የግቢው ልጆች «ባቡሩ ተነሣ!» እያሉ ጨፈሩ። እርጥቡ እንጨት ሳያኮርፍ ነደደ፣ ማድ ቤቱ ውስጥ የጭስ ዘር ጠፋ፣ እማዬም ሽሮውን አውጥታ በደረቅ ዓይን ከማድ ቤት ወጣች። አባባ ደረቱን ነፍቶ «ይሄ ምድጃ ዳገት ይወጣል!» አለ፤ እሷም «ፍሬን ካለው ነው» ብላ ሳቀችበት።

ፍሬን አልነበረውም። መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ እንጨቱ ደርቆ ሲንጣጣ፣ ያ በክረምት ጨዋ የነበረ ምድጃ አበደ። ያገኘውን ፍልጥ ወዲያው ጨርሶ ሌላ ይፈልጋል፤ ሽሮው ከሥር አርሮ ከላይ ይገነፍላል፤ እማዬ ድስቱን ስታወርድ ስትጥድ፣ የፈሰሰውን ስትጠርግ፣ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው» ትል ነበር። ቱቦው እንደ መኪና ሞተር ያገሣ ነበርና እኔ አጠገቡ መቆም እፈራ ነበር።

አንድ ቀን ከመምሸቱ በፊት ቱቦው ከሥሩ ቀላ። ወዲያው እማማ ዘነበች ባልዲ ሙሉ ውኃ ይዘው፣ ነጠላቸው እየተጎተተ፣ «ኧረ ቤቴ! ኧረ ጋዜጣው እየጠቆረ ነው!» እያሉ ማድ ቤቱን ሰብረው ገቡ።

«እማማ፣ ውኃ አያፍሱበት! የጋለ ብረት ነው፣ እንፋሎቱ ይልጥዎታል!» ብላ እማዬ ባልዲውን ያዘችባቸው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አመድ! አመዱን አምጪ!» አለችኝ። በአሮጌ ሳፋ ከምድጃው በየጠዋቱ የምንዝቀውን አመድ አቀረብኩላት፤ እሷም በአካፋ እየዛቀች እሳቱ ላይ ስትነሰንስበት፣ ግሣቱ ወደ ማጉረምረም ወርዶ፣ ቅላቱ ቀስ እያለ ጠፋ። ቤቱ ተረፈ። ግን በእማማ ዘነበች በኩል ያለው ጋዜጣ፣ በሰው ቁመት ልክ፣ እንደ ተቆላ ገብስ ጠቁሮ ነበር።

«ገመቹ ልጄ» አሉት እማማ ዘነበች ማታ አባባ ሲገባ፣ «አንተንም ጫልቱንም እወዳችኋለሁ። ግን ተቃጥዬ አልሞትም። ወይ አብርደው፣ ወይ አንሣው።»

አባባ በማግሥቱ ቱቦውን ከግድግዳው አርቆ፣ በመሀላቸው ጭቃ የተለሰነ ላሜራ አቆመ፤ ከዚያም እሳቱን ለማብረድ ቱቦው ውስጥ የሚታጠፍ ክዳን ሠራ። «መውጫውን ሳጠብበት አደብ ይገዛል» ብሎ ዘጋው። እሳቱ በእርግጥ ቀዘቀዘ፤ ጭሱ ግን መሄጃ አጥቶ በየስንጥቁ ወደ ቤት ተመለሰ። እማዬ ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስል አይቻት አላውቅም። ደጅ አውጥተን በርጩማ ላይ አስቀመጥናት፤ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ትከሻዋ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ቃል ማውጣት አልቻለችም ነበር። አባባ እንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጦ መዶሻውን ጣለና፣ «በቃ፣ አልቻልኩም። እትዬ ብርቄ ይውሰዱሽ» አለ። አባቴ አልችልም ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ አለቀስኩ።

እማዬ ትንፋሽዋ ሲመለስላት መጀመሪያ ያደረገችው በእጇ እንዲቀርብ መጥራት ነበር።

«ገመቹ» አለችው በየቃሉ እያረፈች፣ «እኔን ሲነሣብኝ የሚያስቸግረኝ መሳቡ አይደለም። ማስወጣቱ ነው። የሳብኩት አልወጣ ሲለኝ ነው የምታፈነው። አንተም ምድጃውን እንደ እኔ አደረግኸው። መውጫውን ተውለት። የሚስብበትን አጥብብ።»

አባባ ከጣሪያው በላይ ወደ ወጣው ቱቦ ቀና አለ። ከዚያ ፊቱ ቀስ እያለ ሲፈታ፣ ሲስቅ፣ ሲያፍርም ጭምር ትዝ ይለኛል። «የአየሩን መግቢያ ማለትሽ ነው» አለ። «ስንት ዓመት ካርብሬተር ስፈታ ኖሬ!» መዶሻውን አንሥቶ ተነሣና የቱቦውን ክዳን አወለቀ፤ በዚያው ሳምንት ለምድጃው በደንብ የሚገጥም በር፣ ከበሩም ሥር በአየር መግቢያው ላይ ወዲህና ወዲያ የምትንሸራተት ትንሽ ላሜራ ሠራለት።

ከዚያ ቀጥሎ የመጡትን ሳምንታት ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል። እማዬ እሳቱን ቀስ በቀስ ገራችው። ድስት ስትጥድ ላሜራዋን በሁለት ጣት ስፋት ከፍታ፣ ሲፈላ ክር እስክታክል አጥብባ፣ የተሰነጠቀውን ቀጭን እንጨት ለማቀጣጠያ ብቻ አስቀርታ፣ ከዚያ አንድ ወፍራም ግንድ ብቻ ታስገባና፣ ፍሙ ከበዛ አመድ ታለብሰው ነበር። የእኔ ሥራ ማዳመጥ ነበር። «ሲያገሣ አጥብቢ፣ ሲያንሾካሹክ ተዪው» ትለኝ ነበር፤ እኔም የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ጆሮዬን ምድጃው ላይ ጥዬ፣ ድምፁ ከፍ ሲል በእንጨት ጫፍ ላሜራዋን ገፋ አደርጋት ነበር። በዕድሜዬ ያን ያህል የታመንኩበት ሥራ ብዙ የለም።

ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን ደግሞ አዲስ አበባ ቆሻሻዋን ሁሉ ከየደጁ ጠርጋ ታቃጥላለች፤ በዚያ ጠዋት ሰማዩ አይታይም ነበር፣ መንገዱ ሁሉ የተቃጠለ ላስቲክና የቅጠል ጭስ ሞልቶት ነበር። አክስቴ ከቀን ሁሉ መርጣ በዚህ ቀን ልትመጣ! እኔ በር ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አፍንጫዋን በሻሽ ሸፍና፣ ለእማዬ መደረቢያ የሚሆን ወፍራም ጋቢ በክንዷ ይዛ፣ እየሳለች ገባች።

«እናትሽስ? የት ተኝታ ነው?»

«ማድ ቤት ናት» አልኳት።

ፊቷ ተለዋወጠ። ተንደርድራ ሄዳ በሩን በረገደችው። እማዬ በሩን ከውጭው ጭስ ዘግታ፣ ምስር ወጧን እያማሰለች፣ ረጋ ብላ ተቀምጣለች። ከግቢው ጭስ ሸሽተው የገቡት እማማ ዘነበችም ከጎኗ በርጩማ ላይ ሆነው ሽንኩርት ይልጣሉ። ምድጃው ያንሾካሹካል።

«ግቢ፣ ግቢና ዝጊው!» አሉ እማማ ዘነበች። «ውጭው ነው የሚያፍን። ጭስ የሌለበት እሳት ዛሬ አየሁ ልጄ!»

አክስቴ ብርቄ ቆማ እህቷን አየቻት። ከዚያ ጋቢውን ሌላ በርጩማ ላይ አንጥፋ ተቀመጠችና፣ «እስኪ ተንፍሺ» አለቻት። እማዬ ረጅም ትንፋሽ ስባ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጣች። አክስቴም እንባዋን በሻሽዋ ጠርጋ፣ «ወጡን አቅርቢው እንግዲህ፣ ርቦኛል» አለች። በማግሥቱ ጋቢውን ለእማዬ ትታላት ብቻዋን ወደ አምቦ ተሳፈረች።

የእማዬ አስም በዚያ አልዳነም፤ በየክረምቱ ይነሣባት ነበር። ግን አክስቴ በሄደችበት ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ከማድ ቤቱ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ምድጃው ከጳጉሜ ጀምሮ ማታ ማታ እንዲያ ሲል ኖሯል፤ ሳሏ ሸፍኖት ነው እንጂ።

ያ ግቢ ፈርሷል። አባባ ምድጃውን ለቁራሌው ከመስጠቱ በፊት ዝገቱን በዘይት ጨርቅ ወልውሎ ነበር የሰጠው፤ «ምን ያደርግለታል?» ብዬ ብጠይቀው «ክብሩን ይዞ ይሂድ» አለኝ። አሁን ሁለቱም ከእኔ ጋር አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ ምድጃችን ቁጥር የተጻፈበት ማዞሪያ አለው፤ እማዬ ግን ቁጥሩን አይታው አታውቅም፣ «ድምፅ የለው፣ ምን እንደሚያስብ አይታወቅ» እያለች ታማዋለች። እኔም መኪናዬ ጠቅ ማለቱን ሲጨርስ ደረጃውን ወጥቼ፣ ቁልፉን ከማስገባቴ በፊት በሩ ላይ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ያኔ እማዬ ጸጥ ስትል ደንግጬ የምነቃው እኔ፣ ዛሬ ጸጥታዋን ሰምቼ ነው የምገባው።