የማላውቃት ሴት ብሌን

የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ሳለ በቀኝ ዓይኔ አንዱ መርፌ ሦስት ሆኖ ታየኝ። መነጽር ደጋግሜ ብቀይርም አልረዳኝም፤ የአምፖል ብርሃን ሳይቀር ጭራ እያወጣ ይዘረጋብኛል። እንጅባራ ላይ በልብስ ስፌት የምተዳደር ነኝ። ዓይኔ ከሄደ እጄም ሄደ ማለት ነው።

ባሕር ዳር ያየኝ ሐኪም የዓይኔ ብሌን፣ ከፊት ያለው መስታወት መሰሉ ሽፋን፣ እየሳሳ ወደ ፊት እንደሾጠጠ ነገረኝ።

"ዓይንሽን ታሺዋለሽ?" አለኝ።

ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳክከኛል፤ አሸዋለሁ።

አዲስ አበባ ላከኝ። እዚያ በሌዘር ብሌኑ ውስጥ ቀጭን መንገድ ይከፍቱና ከሌላ ሰው ብሌን የተቆረጠ ቁራጭ ያስገቡበታል፤ ቁራጩ የሾጠጠውን ደግፎ ዝርግ ያደርገዋል። ቀጠሮዬ ሲደርስ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያርሱት አባቴ "ብቻሽን አትሄጂም" ብለው ተከተሉኝ።

ከባሕር ዳር አውሮፕላን ልንሳፈር ወጥተን ዳንግላ ስንደርስ ሚኒባሱ ቆመ። መንገድ ተዘግቷል። ኔትወርኩ መጣ ሄደ ሲል ቆይቶ ስልኬ ጮኸ፤ የሆስፒታሉ ነርስ ነበረች።

"እህቴ፣ ቁራጩ መጥቷል። ብዙ አይቆይም። ካልደረስሽ ለሌላ ተረኛ ይሰጣል።"

"መንገድ ተዘግቶብን ነው፣ እባክሽ..." ተቋረጠ።

አባቴ ፊቴን አይተው "የምን ቁራጭ ነው?" አሉኝ። ነግሬያቸው ነበር፤ ለካ ፕላስቲክ ነገር መስሏቸው ኖሯል።

"የሰው ነው፣ አባዬ። የሞተ ሰው ዓይን።"

ጋቢያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መንገዱ እንዲከፈት ልጸልይ ወይስ አባቴ "እንመለስ" እንዳይሉኝ፣ ግራ ገባኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተከፈተ። አባቴ ሚኒባሱ ውስጥ ቀድመውኝ ገቡ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ደረስን፤ ቁራጩ ገና ለሌላ አልተሰጠም ነበር።

ማዘጋጃ ክፍሉ በር ላይ አባቴ ዶክተሯን አስቆሟት።

"ወስዳችሁበት ነው ወይስ ወዶ ሰጥቶ?"

"በሕይወት ሳለች ቃል ገብታ ነው፣ አባቴ። ሴት ናት።"

"ስመ ክርስትናዋስ?"

"እሱን እንድንናገር አይፈቀድልንም።"

አባቴ አማተቡ። ከዚያ "እግዜር ያውቃታል" አሉና ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። "ግቢ።"

በጠብታ ዓይኔን አደነዘዙት። መሣሪያው ዓይኔን ጨምቆ ሲይዘው በዚያ ዓይኔ ሁሉም ነገር ጨለመ።

"ሌዘሩ ጀምሯል፤ እንዳትንቀሳቀሺ" አለች ዶክተሯ።

በዚህ ሰዓት ጉሮሮዬን ሳል ይከነክነኝ ጀመር። ካሳልኩ ዓይኔ ይበላሻል። ትንፋሼን ዋጥኩ፤ የአልጋውን ጠርዝ ጨምድጄ ያዝኩ፤ የግራ ዓይኔ እንባ ወደ ጆሮዬ ወረደ። "ጨርሷል" ስትል ሳሉ ፈነዳ። ነርሷ ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ደግፋ ያዘችኝ። ቁራጩን ሲያስገቡ አላመመኝም፤ አንድ ነገር ውስጤ ሲንሸራተት ግን ታወቀኝ።

ፋሻው ሲፈታልኝ ሁሉም ጉም ነበር። አለቀልኝ ብዬ አለቀስኩ። ዶክተሯ ቀስ በቀስ እንደሚጠራ፣ መነጽር ግን እንደማይቀርልኝ ነገረችኝ። እውነቷን ነበር፤ ወራት ፈጅቶ ጠራ፤ ዛሬ በመነጽር እሰፋለሁ። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ያቺን ሴት በጸሎት እንዲያስቧት ቄሱን ይለምናሉ።

አሁን ደግሞ ግራ ዓይኔ መሳሳት ጀምሯል ተብያለሁ። ሲያሳክከኝ እጄን ከብብቴ ሥር እወትፈዋለሁ። ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው።