እንግሊዛዊው ሽማግሌ ላከ

እንግሊዞችን መጥላት ርካሽ መዝናኛ ነው። ክፍያ የለውም፣ ጓደኛ አይታጣለትም፣ ከየትኛውም አገር ሰው ጋር ቢጀምሩት ጨዋታው ይደምቃል። ይህን ያረጋገጥኩት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ባለች አንዲት የአበሻ ምግብ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ጥግ ይዤ እቀመጥና ለሚሰማኝ ሁሉ የመቅደላን ነገር እተርካለሁ፤ ጦሩ ከቦምቤይ በመርከብ እንደመጣ፣ ንጉሡ እጁን ላለመስጠት ራሱን እንደገደለ፣ ብራናውና ዘውዱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ እንደወረደ፣ ሕፃኑ ልዑል ተወስዶ በባዕድ አገር እንደቀረ። በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ድምፄ መሰበር ይጀምራል። አስተናጋጇ ታሪኩን ከማወቋ የተነሣ ዝሆኖቹ ጋ ስደርስ ሒሳብ ታመጣለች።

ብቻዬን አይደለሁም። መድኃኒት የሚሸጥልኝ ሕንዳዊ፣ አገሩ ሀብታም እንደነበረች፣ ከዚያ እንግሊዞች እንደመጡ፣ ከዚያ ሀብታም እንዳልሆነች በሦስት ዓረፍተ ነገር ይነግርሃል። ጎማዬን የሚቀይረው ኢራናዊ ደግሞ ዝናብ ቢጠፋም ተጠያቂዎቹ እነሱ ናቸው ባይ ነው፤ እየቀለደ ይሁን እያመረረ እስካሁን አልገባኝም። አሜሪካኖቹ ብቻ ናቸው ነገሩን መልክ ያሳጡት። በጠመንጃ ያባረሯቸውን ሰዎች ንጉሣዊ ሰርግ ለማየት ገና ሳይነጋ ከአልጋ ይወርዳሉ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር አለ። የእንግሊዞችን ጥፋት የተማርኩት እንግሊዞች ከጻፏቸው መጻሕፍት ነው። ዘርፈው ዝም አይሉም፤ የዘረፉትን መዝግበው፣ ማውጫ አበጅተው፣ ጠርዘው ይሸጡልሃል። ለጥላቻችን እንኳ የእነሱ ጥገኞች ነን።

እንዲህ ተደላድዬ ስኖር ልጄ ልታገባ መፈለጓን ነገረችኝ። ጥሩ ነው አልኩ። ኢስተን በሚባለው የገበያ ሰፈር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ማናጀር ነው አለች። ይሁን አልኩ። የየት አገር ሰው እንደሆነ ስጠይቃት፣ ከሰሜን እንግሊዝ አለች። ባለቤቴ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ማጠቢያው አዙራ ድስት መፈተግ ጀመረች። ድስቱ ንጹሕ ነበር። ለካ ቀደም ብላ ታውቅ ኖሯል።

እኔ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ በዘር ምክንያት እምቢ አልልም። እምቢ የምለው በባህል ምክንያት ነው። ስለዚህ ወጉ ይጠበቅ አልኩ፤ ሦስት ሽማግሌ ይላክልኝ። ስሌቴ ቀላል ነበር። በዚህ በሰሜን ኮሎምበስ ለእንግሊዝ ሽማግሌ ሆኖ የሚቆም ሰው ከየት ይመጣል?

ልጄ ትኩር ብላ አየችኝና «ፋይን» አለች። ቀጥላም በእንግሊዝኛዋ፣ ሽማግሌዎቹን ካሳፈርኳቸው ሁለተኛ እንደማትለምነኝ፣ ያለ እኔ እንደምታገባ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ እንግሊዝ የማወራው ለአስተናጋጇ ብቻ እንደሚሆን አስረዳችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከሰዓት፣ በረዶ እየጣለ፣ ሦስቱ መጡ።

አንደኛው ከባለቤቴ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የቅዳሜ ትረካዬን ከማንም በላይ የሰሙ፣ ስለ ልዑሉ ሳወራ እንባ የሚቀድማቸው። ሁለተኛው ሚነርቫ ፓርክ ሰፈር ያለ ቤቱን ፎቅ ለእንግሊዙ ልጅ ያከራየ ጡረተኛ ሲሆን፣ የአየርላንድ ዘር ነው፤ ቅድመ አያቶቹ በረሃብ ሲረግፉ የአገራቸው እህል በመርከብ ወደ እንግሊዝ ይጫን እንደነበር ሳይናገር ቡና አይጠጣም። ሦስተኛው የጅግጅጋ ተወላጅ ሶማሌ፣ የሆቴሉን እንግዶች ከኤርፖርት የሚያመላልስ ሾፌር፣ አማርኛው ከልጄ አማርኛ በብዙ የሚሻል። የእሱ ቅሬታ እንግሊዞች የአያቶቹን ግጦሽ ሳያስፈቅዱ ለሌላ ንጉሥ መስጠታቸው ነው። ንጉሡ የእኛ ስለነበር በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ተወያይተን አናውቅም።

ሦስት ከሳሾች ጠበቃ ሆነው መጡልኝ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ጡረተኛው እንደገባ ሶፋው ላይ ዘፍ አለ። ጋሼ በክንዱ ይዘው አስነሡት፤ ጉዳያችን ተሰምቶ እሺ ሳንባል አንቀመጥም ብለው በእንግሊዝኛ አስረዱት። ሰውየው ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ተደርጓልና ነገሩ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቀ። በአባትየው ይወሰናል አልኩት። ቆመ።

ጋሼ ልጅ ልንሆናችሁ መጥተናል ብለው የሚባለውን ሁሉ አሳምረው አሉ። ጡረተኛው ልጁ ማንም ሳያዘው የጎረቤቱን በረዶ ሁሉ እንደሚዝቅ መሰከረ፤ እንግሊዝነቱን በተመለከተ ዶክተር የሚያድነው ነገር ስላልሆነ ትቶለታል። ያን ጊዜ ካርታዬን መዘዝኩ።

«ሰባት ቤት ይቆጠር» አልኩ።

ጋሼ አተኩረው አዩኝ። «ዝምድና እንዳይኖራቸው ፈርተህ ነው?»

«ወጉ ነው፣ ጋሼ።»

ልጁ እንደ ወጉ ከቤት ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ጋሼ ኮል አደረጉለትና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ልጁ ከራሱ ጀምሮ ቆጠረ። አባቱ የአውቶቡስ ሾፌር። አያቱ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ። የአያቱ አባት ቆፋሪ፣ የእሱም አባት ቆፋሪ፣ ጉድጓዱ ተደርምሶበት የሞተ። እኔ ጄኔራል ስጠብቅ የከሰል አቧራ በላዬ ላይ ተራገፈ። ከዚያ ልጁ፣ ቀጣዩ ወታደር ነበር፣ ቦምቤይ ነበር ይባላል፣ ከዚያ በላይ ቤተሰቡ አያውቅም አለ።

መደበቅ ይችል ነበር። አለመደበቁን እንደ እንግሊዝ ተንኮል መዘገብኩበት።

«ቦምቤይ» አልኩ፣ ለጋሼ። የመቅደላው ጦር ከየት እንደተነሣ እሳቸው ያውቁታል። አንገታቸውን ደፉ። ልጄ ደረጃው ላይ ቆማ ነበር፤ አላየኋትም፣ ወይም እንዳላየሁ ሆንኩ። የቅዳሜ ድምፄን አውጥቼ ስለ ብራናዎቹ ጀመርኩ። ዝሆኖቹ ጋ ስደርስ ግን ሶማሌው እኔን እንደማያይ ልብ አልኩ። የሚያየው ግድግዳዬን ነው።

ግድግዳው ላይ በጠፍር የተንጠለጠለች፣ ከእንጨት የተጠረበች አሮጌ በርኩማ ነበረች፤ ሰው ሲተኛ ራሱን የሚያሳርፍባት። ከአዲስ አበባ በሻንጣዬ ያመጣኋት የቤተሰባችን ቅርስ ናት። እንግዳ ሲመጣ አሳያለሁ።

ሾፌሩ ጠጋ ብሎ በጣቱ ጠርዟን ነካ። «አያቴ እንዲህ ያለች ነበረችው» አለ። «ከየት አገኟት?»

«የቅድመ አያቴ ናት።»

«ቅድመ አያትዎስ ከየት አገኟት?»

ቅድመ አያቴ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ እንደነበር እንግዶቼ ሁሉ ያውቃሉ፤ እኔው ነኝ በኩራት የምነግራቸው። ከዘመቻው ይዟት ተመለሰ እላለሁ። «ይዟት ተመለሰ» የሚለው ቃል እስከዚያች እሑድ ድረስ ምንም አላስቸገረኝም ነበር። አሁን አፌን ከፍቼ ልለው ስል፣ በሚያምር የእንግሊዝ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ዘውዳችን የተጻፈውን ዓረፍተ ነገር መሰለኝ።

ማንም አልረዳኝም። ሾፌሩ አልገፋበትም፤ ወደ ቦታው ተመልሶ ከሁለቱ ጎን ቆመ። ሽማግሌ ነውና። ባለቤቴ ድስት አልፈተገችም። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ካለው ስልክ በትሕትና፣ ሰባተኛውን ለማወቅ እናቱን መጠየቅ እንደሚችል ተናገረ። ጡረተኛው ክብደቱን ከታመመው እግሩ ወደ ሌላኛው አዛወረ።

«ተቀመጡ» አልኩ።

ጋሼ እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን አዘነበሉ። ሽማግሌ ሲፈልግ ጨካኝ ነው።

«ሰጥተናል። ተቀመጡ።»

ባለቤቴ እልል አለች። ጡረተኛው የወደቀ ያህል ተቀመጠ። ልጄ ከደረጃው ወርዳ አንገቴን አቀፈችኝ። ምግብ ቀርቦ ግማሽ ከተበላ በኋላ ነው እንግሊዙ መኪና ውስጥ እንዳለ ያስታወስነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ገባ። መቅደላን አሰብኩና ብዙም አላዘንኩም።

ሾፌሩ ሊወጣ ሲል በርኩማዋን አውርጄ ሰጠሁት። አይሆንም ብሎ ይግደረደራል፣ እኔም ለምኜ ለምኜ መልሼ እሰቅላታለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ። አመሰገነና ብብቱ ሥር ሸጉጧት ወጣ።

ሰርጉ በበጋ ሆነ። በርኩማዋ ተንጠልጥላበት በነበረው ሚስማር ላይ አሁን የሰርጉ ፎቶ ተሰቅሏል። አማቼን እያሳየሁት፣ አየህ የሰው ዕቃ የሚመለሰው እንዲህ ነው፣ የመቅደላ ብራናችን ለተቀመጠበት ሙዚየማችሁ ንገርልኝ አልኩት። እጅግ አዝኖ፣ ሙዚየሙ የእሱ እንዳልሆነ፣ ጉዳዩም የሚመለከታቸው ሌሎች እንደሆኑ ነገረኝ።

ቅዳሜ ለአስተናጋጇ ነገርኳት፤ ሁሉም እንዲህ ናቸው።