ለመሰበር የተገዛ ብሎኬት

ይህ ጉዳይ ሠላሳ አምስት ብሎኬት፣ አንድ የአይሱዙ ጉዞና አንድ ትልቅ ትእዛዝ አስከፍሎኛል። የሆነው አምና፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ሚዛን ተፈሪ ላይ ብሎኬት አምርቼ እሸጣለሁ። ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው በኪሳራው አይደለም፤ ኪሳራ ለምጃለሁ።

አንድ ወጣት በባጃጅ መጣና ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የማስተምር መሐንዲስ ነኝ አለኝ። ሠላሳ አምስት ብሎኬት ፈለገ። ዋጋውን ነገርኩት፤ ሳይከራከር ከፈለ። ያኔ ጠረጠርኩት። እዚህ ከተማ ሳይከራከር የሚከፍል ሰው ከኋላው አንድ ነገር አለ።

ምን ሊሠራበት እንደሆነ ጠየቅኩት። ግድግዳ ሠርተን፣ የመሬት መንቀጥቀጥ እንደሚያናውጠው እያናወጥን እስኪሰበር እናየዋለን አለ።

"ብቻ ጋሼ፣ ለማንም ከሚሸጡት ይሁንልኝ። እንዳይመረጥ።"

ሊሰብረው ብሎኬት የሚገዛ ሰው አይቼ አላውቅም። ተቆጣጣሪ ነው፣ ወሬውን አሳምሮ ነው የመጣው ብዬ ደመደምኩ። ለተቆጣጣሪ ደግሞ ከጓሮ የምናስቀምጠው አለን፤ ሲሚንቶ ያልተሰሰተበት፣ በጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ሲጠጣ የሰነበተ። በላከው መኪና ከሱ አስጫንኩለት።

ሠራተኛዬ ዘውዴ፣ "ይሄ እኮ የእንግዳ ነው" አለኝ።

"ታዲያ እሱ ዘመድ ነው?" አልኩት።

ከወር በላይ ቆይቶ መምህሩ ቴፒ መጥተው ይዩ ብሎ ጠራኝ። ምን እየተሸረበልኝ እንደሆነ ልሰልል ሄድኩ። አዳራሽ ውስጥ፣ ሰፊ የብረት ጠረጴዛ ላይ የኔ ግድግዳ ቆሟል። ከሥሩ ሞተር ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። መጀመሪያ ቀስ አድርገው፣ ከዚያ እየጨመሩ አናወጡት። አቧራ ረገፈ እንጂ አልተሰነጠቀም። ደረቴን ነፋሁ።

አጠገቤ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። መዋዕለ ሕፃናት ሊያሠሩ ነው፤ ፈተናው ለካ ለሳቸው ነው። መምህሩ የሚቀጥሉት ፈተናዎችም እንዲህ ከወጡ የማዕዘኑን ብረት መቀነስ ይቻላል አላቸው። ሴትዮዋ ወደኔ ዞረው ብሎኬቱን በሙሉ ካንተ ነው የምወስደው አሉኝ።

"ሰማንያ ሕፃን ነው የማስቀምጥበት" አሉ።

እኚህም እየፈተኑኝ ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ። ፊታቸው ላይ ምንም ተንኮል የለም። ደስ ብሏቸዋል፣ በቃ።

መምህሩን ወደ ጥግ ሳብኩት። "ያ የምሸጠው ብሎኬት አይደለም" አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካና፣ "ታዲያ የሚሸጡትን መቼ ያመጡልኛል?" አለ።

በራሴ ወጪ አመጣሁ። እንደገና ተገነባ፣ ደረቀ፣ ጠረጴዛው ላይ ወጣ። የፊተኛው ግድግዳ ከቻለው ግማሽ ሳይደርስ ማዕዘኑ ተከፈተ፤ ቀጥሎ የላይኛው ረድፍ ወረደ። ሴትዮዋ ግድግዳውን ትተው እኔን አዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ብረቱ ሳይቀነስ ቀረ፤ እንዲያውም ተጨመረ። ብሎኬቱን ከሌላ አምራች ወሰዱ፤ ለፈተና የሚሆነውን ከዚያ ሰው ክምር መምህሩ ራሱ ገብቶ እንዳነሳ ሰምቻለሁ። ከኔ ተምሯል።

አሁን የጓሮውን ክምር አፍርሻለሁ። ሲሚንቶውም ለሁሉም እኩል ነው፤ ዋጋው ትንሽ ወጣ፣ ደንበኛ ያጉረመርማል። ሳይከራከር የሚከፍልን ሰው ግን አሁንም አላምንም።

የመዋዕለ ሕፃናቱ አራት ክፍሎች ተሠርተዋል፣ ሕፃናቱም ገብተዋል። ከኔ አንድም ብሎኬት የለበትም።