ምሳር የማይገባበት ምንጭ

አባቴ እኛን ልጆቻቸውን የባሕር ዛፎቻቸውን ያህል ወደውናል ብዬ ብምል ሐሰት ይሆንብኛል። አልፈርድባቸውም። የመንዝ ደጋ ራቁቱን ነው፤ የምናነደው ኩበት፣ የምንገነባው በድንጋይ ሲሆን፣ ለጣሪያ የሚሆን ቀጥ ያለ እንጨት ያለው ሰው እንደ ባላባት ይታያል። ችግኙን ሲተክሉ ጎረቤት በዚህ ውርጭ ምን ሊበቅል ነው ብሎ ስቆባቸዋል አሉ። እሳቸው ምን ገዷቸው! በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር አመሻሽ ላይ እየወጡ እያንዳንዷን ችግኝ በጓሳ ሣር ይሸፍኑ ነበር፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ደግሞ ይገልጧታል። እናቴ እሷን አንድ ቀን እንኳ እንደዚያ ሸፍነዋት እንደማያውቁ እስከ ዛሬ ታነሳባቸዋለች።

ዛፎቹ በቀሉ፤ በቀሉ ብቻ ሳይሆን ሰማይ ሊነኩ ደረሱ። ችግሩ፣ የበቀሉት ከምንጩ ራስ ላይ ነው።

ምንጩ ከመንደራችን በላይ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል። እኛ ጠጥተን፣ በጎቻችን ጠጥተው፣ የተረፈው ቁልቁል ወደ ጎረቤት ወረዳ ይወርድና እዚያ ከቦኖ ይቀዱታል። አንድ ውሃ፣ ሁለት ወረዳ። እኔ ደግሞ በላይኛው ወረዳ የውሃ ባለሙያ ነኝ፤ ማለትም ቧንቧ በተሰበረ ቁጥር ዘመዶቼ ሁሉ የሚወቅሱት ሰው ነኝ። ቁጣ አያጣኝም። ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

የዛሬ ጥቂት ዓመት ምንጮችን መጠበቅ የሚል መመሪያ ከክልል ወረደ። ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ደረሰ፤ በየደረጃው ስብሰባ ነበር፣ በየስብሰባውም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የማይል ሹም አልነበረም። በምንጭ ዙሪያ ያለ ተክል አይነካ ተባለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ በማግስቱ ምሳሩን ይዞ ወጣ። ማስታወቂያ ለጠፍን። አንዱን በኋላ የጎረቤታችን የገብስ ጎተራ ላይ ተከድኖ አገኘሁት።

በዚህ ጊዜ ከቀበሌው ጋር ሆነን አገሩ የሚያውቀውን መንገድ ያዝን፤ ወደ መምሬ ሄድን። መምሬ የደብራችን ቄስ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ ግን ቃላቸው እንደ ማኅተም የሆነ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙና ከምንጩ ራስ ምሳር እንዳይገባ ገዘቱ። አለቀ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ነፋስ የገነጠለውን ቅርንጫፍ እንኳ የሚያነሳ ጠፋ። ግዝት ጥሶ ልጁ ቢያመው፣ በጉ ቢሞትበት ማን ያስጥለዋል? ወረዳው ተመሰገነ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ምንጩ ራስ ላይ ያለው ዛፍ የአባቴ ባሕር ዛፍ ብቻ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ከዚያ ወዲያ ምንጩ ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ። ጥር ሲገባ የታችኞቹ ቦኖ ጠብ አይልም። ላይ ሆናችሁ ገደባችሁብን ብለው መጡብን። እኛስ የት ነበረን የምንገድበው! የእኛዎቹም ጀሪካን ተሰልፎ ይውላል። ሁለቱ ወረዳዎች ተካሰው ተካሰው ክልል ዘንድ ደረሱና ክልሉ አንድ ባለሙያ ላከ።

ልጁ ከቆላ ከተማ የመጣ ነው፤ የለበሳት ጃኬት ለመንዝ ነፋስ ምኗም አይደለች። ከንፈሩ ሲጠቁር አባቴ አይተው የበግ ጠጉር ባናቸውን አውልቀው አለበሱት። እሱም በአባቴ ባና ተጠቅልሎ፣ ምንጩን ዞሮ ዞሮ አየና ፈረደ። ይህ ሁሉ ባሕር ዛፍ ምንጩን እየጠጣው ነው፤ ካልተቆረጠ ከበልግ በፊት ይደርቃል፤ በቦታው ጓሳ ይተከል አለ። ሳቄም መጣ፣ ለአባቴም አዘንኩ። አባቴ ግን ምንም አልከፋቸውም፤ ይኼኔ ነው የጠረጠርኳቸው።

"መንግሥት ካለ እኔ ምን ከፋኝ" አሉ ረጋ ብለው። "ብቻ ምሳር አይግባ ብላችሁ ያስገዘታችሁት እናንተው ናችሁ።"

የክልሉ ልጅ የቄስ ልጅ ኖሮ ወዲያው ገባው። መመሪያ በመመሪያ ይሻራል፤ ግዝት ግን እንዴት ሆኖ! የሁለቱ ወረዳ ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠን መላ መፈለግ ጀመርን። ከታችኞቹ አንዱ ብልጥ የተገዘተው ምሳር እንጂ መጋዝ አይደለም አለ። አባቴ እንግዲያው መጋዙን አንተ ያዝና ጀምርልን አሉት። ሰውዬው የጫማውን ክር ያስር ጀመር።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም። እኔ ስናደድ አንቱታዬ ይጠነክራል። "አባባ፣ እርስዎ ግዝት ፈርተው አይደለም፤ ግዝቱን ተከልለውበት ነው" አልኳቸው። እሳቸውም ባለጌ ሆንሽ ሊሉኝ ሲነሱ እናቴ ጀሪካን አዝላ ገባች። ምንጩ ሰልፍ ስለሆነ ገደሉን ወርዳ ከወንዝ መቅዳት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ለእኔ አልነገረችኝም ነበር። ጀሪካኑን አውርዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች፤ ትንፋሿ አልመለስ አለ። አባቴ ጀሪካኑን አዩት። ከዚያ ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ።

እሑድ ሁላችንም፣ የታችኞቹ ጭምር፣ ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ፊት ቆምን። የክልሉ ልጅም ከመሐል ሜዳ ከተማ ገበያ ወፍራም ካፖርት ገዝቶ መጥቷል። መምሬ መፍታቱ ከባድ እንዳልሆነ፣ ነገር ግን ባለ ዛፉ በገዛ አንደበቱ መጠየቅ እንዳለበት ተናገሩ። ያ ሁሉ ሰው ወደ አባቴ ዞረ። እንቢ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

"ይፍቱት" አሉ በመጨረሻ።

ግዝቱ ተፈታ። ይሁን እንጂ ምንጩ ዘንድ ስንደርስ ቀድሞ ምሳር የሚያነሳ ጠፋ፤ ፍርሃቱ ገና አልለቀቀንም። አባቴ የአንዱን ጎረምሳ ምሳር ተቀብለው ትልቁን ዛፍ መቱት። ከዚያ የላይኛውም የታችኛውም ሰው ገባበት። ደህና ደህናውን እንጨት አባቴ ለምንጩ አጥር ሰጡ። የቀረውን ዘወር ብለውም አላዩት።

ባሕር ዛፍን ቆርጬ ገደልኩት የሚል ካለ ሞኝ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ጉቶው ሁሉ አቆጠቆጠ። ሁለቱ ወረዳዎችና ክልሉ ሲስማሙ ቡቃያውን መንቀል የቀበሌያችን ድርሻ ሆኖ ነበር፤ አባቴም እኔ እነቅለዋለሁ ብለው ወስደውታል። በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ምንጩን ለማየት ሄድኩ። ውሃው ወፈር ብሏል፤ ዛፉ በመቆረጡ ይሁን በክረምቱ ገና አላውቅም። የተከልነው ጓሳ ይዟል። ቀና ብዬ ጉቶዎቹን ሳይ ግን በእያንዳንዱ ጉቶ ላይ የታጨደ ሣር ተደርቧል። ገለጥኩት። ቡቃያው ከሥሩ ለምለም እንዳለ ተቀምጧል። ውርጭ እንዳይመታው ሸፍነውታል!

ቱግ ብዬ ዞር ስል ከኋላዬ ቆመዋል፤ እቅፋቸው ሙሉ ሣር ነው። እሳቸውም እንደ ሕፃን አፍረው ሣሩን መሬት ለቀቁት።

"ልነቅል ነበር የምመጣው፣ እጄ እንቢ አለኝ" አሉኝ።

በማግስቱ እሑድ ማንም ሳይጠራቸው ከቅዳሴ በኋላ ተነስተው መምሬን አዲስ ግዝት ለመኗቸው። ከምንጩ ራስ ባሕር ዛፍ የተከለ፣ የሸፈነ፣ ያሳደገ ሁሉ ይገዘትልኝ አሉ። ሰው ገርሞት እርስ በርስ ተያየ።

"ሕግ ቢሉኝ እከራከራለሁ፤ ልጄ ብትቆጣኝ እቆጣታለሁ" አሉ። "ግዝት ከሆነ ግን እጄ ያርፋል።"

መምሬ ገዘቱ። አባቴ ከዚያው በቀጥታ ሄደው ቡቃያውን ሁሉ እየነቀሉ ጣሉት፤ እኔም አገዝኳቸው።

አመሻሽ ላይ ሰማዩ ጥርት አለ፤ ውርጭ ሊጥል ነው። እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ አባቴ በልማዳቸው ብድግ ብለው በሩን ከፍተው ውጭውን ቃኙ። ጥቂት ቆመው በሩን መልሰው ዘጉት። የሚሸፍኑት የለም። ቤቱ መሐል እጃቸውን የሚያደርጉበት አጥተው ሲቆሙ አሳዘኑኝ። ከዚያ ባናቸውን ከመደቡ አነሱና እናቴን ከትከሻዋ እስከ ጉልበቷ ሸፈኗት፤ ጫፍ ጫፉንም ነፋስ እንዳይገባ ከሥሯ ጠቀጠቁላት።

እናቴ ከእሳቱ ዓይኗን አላነሳችም።

"እኔ ምንጭ ዳር ብበቅል ኖሮ" አለች፣ "ይኼኔ አድጌ ነበር።"