ከሰማያዊው ሥር

ግንበኛው ረጅም ነው። የሸሚዙ ኮሌታ ተበልቶ አልቋል፤ እሱ ግን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፎታል። አማርኛውን፣ በልጅነቱ ከዚህ ከአገሩ ተሰዶ ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ስላደገ፣ አቀላጥፎ ይናገራል። አባይነሽ የምግብ ቤቷ አጥር ዝናቡ ሳይመጣ እንዲያልቅላት ካስተም ከሚባለው ገበያ ቀጥራ ያመጣችው ነው። ጡቡንም ከዚያው፣ ከአንድ የጭነት መኪና ላይ በርካሽ ገዝታለች። አሮጌ ጡብ ነው፤ አንዳንዱ ላይ ሰማያዊ ቀለም ተለጥፎ ቀርቷል።

አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየና ቱንቢውን መሬት ላይ ወረወረው።

«ማን ሸጠልሽ፣ እማማ?»

«ሻጭ ነዋ። አንተ ግንብህን ገንባ።»

«ይሄ የሰው ቤት ነበር። በሐምሌው ተኩስ ሰዉ ሲሸሽ አፍርሰው የጫኑት ነው።»

«እኔ ነኝ ያፈረስኩት?» አለች፣ ደሟ ፈልቶ።

ቱንቢውን አነሳ። ቀኑን ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ገነባ። ሲሚንቶውን እንደ ጠላት እየመታ፣ ጡቡን ግን እንደ ሕፃን ፊት በመዳፉ እየጠረገ፣ ባለቀለሙን ጎን ሁሉ ወደ መንገዱ አዞረው።

«ምን ዓይነት ቡራቡሬ ነው የምትሠራብኝ? ወደ ውስጥ አዙረው እንጂ።»

«ባለቤቱ ሲያልፍ ይየው።»

«ከላስ፣ በቃ፣ በልስን አስሸፍነዋለሁ።»

«አስሸፍኚው። ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ አለ፤ እሱንም አብረሽ ሸፍኚው።»

እጁን ታጥቦ፣ ደህና ዋይ ሳይላት ሄደ።

አባይነሽ እየተራገመች ከማድ ቤት ቢላዋ አምጥታ አንዱን ጡብ ፋቀችው። አረንጓዴ ወጣ። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ አንድም ጡብ ሲፍቅ አላየችውም።